በኤች ኦ ኤ ሰፈር የመንገድ ፓርኪንግ ደንብ ሲያስከብሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ባለበት የአሜሪካ ሰፈር ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያኳርፉ ነገሮች ፓርኪንግ ከፊት ይሰለፋል። መንገዱ ጠባብ ነው። ጋራዡ በዕቃ ተሞልቷል። ልጆች ያድጉና መንጃ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ሁለት የነበረው መኪና አራት ይሆናል። ማኅበሩን በሚመራው ቦርድ ላይ ያሉት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚሰበሰቡ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ቅሬታ ሲበዛባቸው ይቸኩላሉ። ጣጣው የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ይህን የምጽፈው ቦርድ ውስጥ ለምታገለግሉና ለመግባት ለምታስቡ ነው። የደንቡ ዓላማ መኪናው ከማይሆን ቦታ እንዲነሳ ነው። ቅጣትም ሆነ ቶው (መኪና ማስጎተት) ለዚህ ካልረዳ ምን ያደርጋል?

መንገዱ የማን እንደሆነ ሳያጣሩ መጀመር

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። በሰፈር ውስጥ ያለ መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰፈሩን የገነባው ድርጅት ለከተማው ወይም ለካውንቲው ያስረከበው የሕዝብ መንገድ ነው። ሌላው በማኅበሩ እጅ የቀረ የግል መንገድ ነው። የዚህን አስፋልት ማኅበሩ ራሱ ያስጠግናል፤ በረዶውንም በራሱ ወጪ ያስጠርጋል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት ያስቸግራል። ካውንቲው ዘንድ የተመዘገበውን የሰፈሩን ፕላት (የመሬት ክፍፍል ካርታ) ማየት፣ ወይም የመንገድ ክፍሉን ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በግል መንገድ ላይ የማኅበሩ ሥልጣን ሰፊ ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ግን የትራፊክ ሕግ የሚያስከብረው ፖሊስ ወይም ከተማው ነው። ማኅበሩ እዚያ ምን ያህል እጁን ማስገባት ይችላል የሚለው እንደየስቴቱ ይለያያል። አሪዞናን እንውሰድ። ከ2014 መጨረሻ በኋላ የተመዘገቡ ሰፈሮች ማኅበራት በሕዝብ መንገድ ላይ ሥልጣን የላቸውም። በ2023 የወጣ ሕግ ደግሞ የቆዩትንም ማኅበራት ነካ። ሥልጣናቸውን ይዘው ለመቀጠል እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ድረስ አባላቱን ድምፅ ማሰጠት ነበረባቸው። ያላደረጉት ሥልጣኑን አጥተዋል።

ታዲያ መንገዱ የሕዝብ ሆኖ ሰፈሩ በመኪና ከተጨናነቀ ምን ይደረግ? ከተማውን ወይም ካውንቲውን መጠየቅ ነው። ለነዋሪ ብቻ የሚሆን የፈቃድ ፓርኪንግ ያላቸው ቦታዎች አሉ። ‹‹ማቆም ክልክል ነው›› የሚል ምልክት ማስተከልም ይቻላል። በእሳት ማጥፊያ የውኃ ቧንቧ አጠገብ የቆመ መኪና ካለ ለፖሊስ ይደወላል፤ 911 ሳይሆን ድንገተኛ ላልሆነ ጉዳይ በተዘጋጀው ቁጥር። ቦርዱ በራሱ ሥልጣን ከሕዝብ መንገድ ላይ መኪና ካስጎተተ ግን ክሱ ወደ ማኅበሩ ይመጣል። የሚከፈለውም ከሁላችንም መዋጮ ነው።

ሰነዱ ያልሰጠውን ሥልጣን መጠቀም

ከሁሉም በላይ የስቴቱ ሕግ አለ። ከሥሩ ካውንቲው ዘንድ የተመዘገበው የማኅበሩ ዋና ሰነድ ይመጣል። ቦርዱ የሚያወጣው ደንብ የሁለቱም በታች ነው። ዋናው ሰነድ የማይፈቅደውን ነገር ቦርዱ በአንድ ስብሰባ ድምፅ ስለሰጠበት ብቻ ሕግ አይሆንም።

ሕጉ ራሱ መለወጡም አይረሳ። በፍሎሪዳ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኤች ኦ ኤ አንድን ነዋሪ የግል ፒክአፕ መኪናውን በራሱ ድራይቭዌይ (ከመንገድ ወደ ቤቱ በሚያስገባው መግቢያ) ላይ እንዳያቆም መከልከል አይችልም። ለእንግዳውም እንደዚሁ ነው። ‹‹ፒክአፕ ክልክል ነው›› የሚል የድሮ ወረቀት ይዞ ቅጣት የሚጽፍ ቦርድ ካለ በከንቱ ይደክማል።

ሳይሰሙ መቅጣት

ደብዳቤ በላክን ማግስት ቅጣቱን በነዋሪው ሂሳብ ላይ እንጫን የሚሉ አሉ። ይህ በብዙ ስቴት አይሠራም። በቨርጂኒያ ቅጣት ከመጣሉ በፊት ነዋሪው ጥፋቱን የሚያርምበት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ካላረመ ቀርቦ የመናገር መብት አለው። የዚህ ስብሰባ ማስታወቂያም ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት ሊደርሰው ይገባል። ቅጣቱም ጣሪያ አለው፤ ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም። የቀኑ ቅጣት ደግሞ ከ90 ቀን አያልፍም።

ፍሎሪዳም የ14 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። የሚሰማውም ቢያንስ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። የቦርድ አባላት፣ የማኅበሩ ሠራተኞችና የቅርብ ዘመዶቻቸው እዚያ ውስጥ አይቀመጡም። ኮሚቴው ቅጣቱን ካላጸደቀ ቅጣቱ አይጣልም። ይህን በጣም እወደዋለሁ። የተናደደ ጎረቤት ከሳሽም ዳኛም ሆኖ እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

ደብዳቤው ራሱ የተሟላ ይሁን። ታርጋው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ መኪናው የቆመበት ቦታ፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ፎቶ። ‹‹ፓርኪንግ እየጣሳችሁ ነው›› ብቻ የሚል ደብዳቤ ሰውን ከማናደድ ሌላ አይጠቅምም። ከደብዳቤው በፊት ደግሞ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ በደህና ቃል ቢናገር ብዙው ነገር እዚያው ያልቃል። ሰውየው ደንቡን ጭራሽ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል።

ለቶው መቸኮል

መኪና ማስጎተት ለቦርድ ቀላል ይመስላል። አንድ ስልክ ነው። ለባለመኪናው ግን የመጎተቻውና የየቀኑ ማቆያ ክፍያ አለ፤ የሥራ ቀንም ያልፈዋል። ኡበር እየነዳ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው መኪናው መተዳደሪያው ነው። ስለዚህ ቶው የመጨረሻው እርምጃ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። አደጋ የሚፈጥር መኪና ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ሕጉም ጥብቅ ነው። በካሊፎርኒያ አንድ ማኅበር ከግል ቦታው መኪና ለማስጎተት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ምልክት ማቆም ነው። ምልክቱ ከ17 በ22 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ፊደሎቹም ቢያንስ 1 ኢንች መሆን አለባቸው። ሌላው መንገድ መኪናው ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ 96 ሰዓት መጠበቅ ነው። ትንሽ ዝርዝር ይመስላል። ነገር ግን ምልክቱ ዛፍ ከጋረደው ወይም ከወደቀ ቦርዱ መከራከሪያ ያጣል። በየጊዜው ዞር ብሎ ማየት፣ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

ከቶው ኩባንያ ጋር ስትዋዋሉም ተጠንቀቁ። ኩባንያው በተጎተተ መኪና ልክ ለማኅበሩ የሚሰጠው ገንዘብ በቴክሳስም በካሊፎርኒያም የተከለከለ ነው። ኩባንያው በራሱ ፍላጎት ሌሊት እየዞረ የሚያነሳበት ውልም አይመቸኝም። ገቢው በመኪና ቁጥር ስለሆነ አመዛዝኖ መተው አይፈልግም። እያንዳንዱን መኪና በስም የተወከለ አንድ ሰው አይቶ ይፍቀድ።

ወታደሮች የሚኖሩበት ሰፈር ከሆነ አንድ ነገር ይታወቅ። በፌዴራል ሕግ በሥራ ላይ ያለ ወታደር መኪና ለማቆያ ዕዳ ተብሎ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይሸጥም።

ለአንዱ ልጅ፣ ለሌላው የእንጀራ ልጅ

የቦርዱ ፕሬዚዳንት ቫን መንገድ ላይ እያደረ የጎረቤቱ ከተቀጣ ደንቡ ሞቷል። ፍርድ ቤትም ይህን ያያል፤ አድልዎ ያለበት አፈጻጸም ለተከሳሹ ጥሩ መከላከያ ነው። ቅሬታ ሲመጣ ብቻ መንቀሳቀስም ወደዚሁ ያደርሳል፤ የሚቀጣው ጎረቤት የጠላው ሰው ይሆናል። በተወሰነ ሰዓት ሁሉንም መንገድ አይቶ የተገኘውን ሁሉ መመዝገብ ይሻላል።

ደንቡ ለዓመታት ተኝቶ ከነበረስ? በድንገት አትቀስቅሱት። ከዚህ ቀን ጀምሮ እናስከብራለን የሚል ማስታወቂያ ለሁሉም ቤት ላኩ። ጊዜ ስጡ። ከዚያ በሁሉም ላይ እኩል ጀምሩ።

የአካል ጉዳተኛን ጥያቄ ከተራ ቅሬታ ጋር መቁጠር

አካል ጉዳት ያለበት ነዋሪ ከቤቱ አጠገብ ቦታ ይያዝልኝ ካለ ጉዳዩ የ1968ቱን የፌዴራል የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ይነካል። አካል ጉዳተኞች በዚህ ሕግ የተካተቱት በ1988 ነው። ‹‹ለሁሉም እኩል ነው፣ ለማንም አንለይም›› የሚለው መልስ እዚህ ላይ ያስከስሳል። ጥያቄውን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ፈጥናችሁ መልሱ፤ ከመከልከላችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

የደንቡን ምክንያት አለመናገር

ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይተባበራል። ትልቁ ምክንያት የእሳት አደጋ መኪና ነው። ብዙ ከተሞች መነሻ የሚያደርጉት ዓለም አቀፉ የእሳት ኮድ ለዚህ መኪና ቢያንስ 20 ጫማ ስፋት ያለው ያልተዘጋ መንገድ ይጠይቃል። የኮዱ አባሪ ደግሞ ከ20 እስከ 26 ጫማ ስፋት ባለው መንገድ በሁለቱም ወገን ማቆም ይከለክላል። ከ26 እስከ 32 ጫማ በሆነው ላይ በአንድ ወገን ይከለክላል። አባሪው የሚሠራው ከተማው ከተቀበለው ነው፤ ለማረጋገጥ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ መንገዳችሁን ለኩ። ውጤቱን ለነዋሪው በካርታ አሳዩ። ‹‹ቦርዱ ስላለ›› ከማለት ይህ እጅግ ይሻላል። የት ላይ ጥብቅ፣ የት ላይ ላላ ማለት እንዳለባችሁም ከዚሁ ታገኛላችሁ።

እንግዳን የማያውቅ ደንብ

ለቅሶ አለ፣ ምርቃት አለ፣ አራስ ጥየቃ አለ። በአንድ ምሽት አንድ ቤት በር ላይ ብዙ መኪና ይቆማል። ለዚህ ቀዳዳ ያልተወ ደንብ ሁሉም ሰው ይጥሰዋል። ለአንድ ምሽት የሚሆን የእንግዳ ፈቃድ አዘጋጁ፤ ቢሮ መሄድ ሳያስፈልግ በስልክ ወይም በኢሜይል የሚገኝ ይሁን። የማኅበሩ ማኔጅመንት ቢሮ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው፤ እንግዳ የሚመጣው ግን ያኔ ነው። ስለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ የቦርድ አባል በተራ ይመደብ፤ የፈቃዱ ዝርዝርም ለቶው ኩባንያው ቀድሞ ይድረሰው።