ልጃችሁ ደብል ባስ ይጫወታል? የሶሎ ሙዚቃውን እንዲህ ምረጡለት

ለቫዮሊን ተማሪ ሶሎ ማግኘት አይቸግርም፤ የተጻፈለት ሙዚቃ ሞልቷል። ለደብል ባስ ግን፣ በተለይ ተማሪው የ10 ወይም የ11 ዓመት ልጅ ከሆነ፣ ምርጫው ይጠባል። አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ይህን ታውቁት ይሆናል። ልጁ ከትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ ክፍል ትልቁን መሣሪያ መርጦ ይመጣል፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ለፌስቲቫል አንድ ሶሎ ያዘጋጅ ይባላል። ቤት ውስጥ ስለ ባስ የሚያውቅ ሰው የለም፣ የክፍሉ አስተማሪም ብዙ ጊዜ ራሱ የቫዮሊን ሰው ነው። ይህን የምጽፈው ለእናንተና ባስ ለማስተማር ለተመደባችሁ መምህራን ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከልጁ ግራ እጅ ነው። ደብል ባስ ላይ እጅ አንድ ቦታ ቆሞ ከአንደኛው ጣት እስከ አራተኛው ጣት የሚሸፍነው አንድ ሙሉ ቶን ብቻ፣ ማለትም ከዶ እስከ ሬ ያለውን ርቀት ነው። ክሩ ረጅም ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቫዮሊን ላይ እጅ ሳይነቃነቅ የሚያልፍ ዜማ፣ ባስ ላይ ልጁን ወደ ታችና ወደ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ሊያስሮጠው ይችላል። የቫዮሊን መጽሐፍ ተገልብጦ ለባስ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እርሳስ ያዙና ኖታውን ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። እጁ ፖዚሽን (ክሩ ላይ የሚቆምበትን ቦታ) የሚቀይርበትን ሁሉ ምልክት አድርጉበት። ለጀማሪ ምንም ባይኖር ወይም አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ቢኖር ጥሩ ነው። ቁጥሩን ብቻ ግን አትዩ፣ ከመቀየሩ በፊት ያለውንም ኖታ እዩ። ክፍት ክር፣ ማለትም ጣት ሳይጫነው የሚጮህ ክር፣ ካለ ክሩ እየጮኸ እጅ በነፃ ይሄዳል፣ ልጁም አይደናገጥም። ፈጣን ኖታዎች መሃል የገባ የፖዚሽን ለውጥ ግን የጎበዝ ልጅን እንኳ ቃና ያበላሻል። እንዲህ ያለ ቦታ የበዛበት ሙዚቃ ለሌላ ዓመት ይቆይ።

ቀጥሎ የሚታየው ኪይ፣ ማለትም ሙዚቃው የተመሠረተበት ስኬል ነው። የባስ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ጂ ሜጀር፣ ዲ ሜጀርና ኤ ሜጀር ክፍት ክሮችን ስለሚጠቀሙ ለልጅ ይመቻሉ። ጂ ሜጀር እንዲያውም ከወፍራሙ ክር ጀምሮ አንድ ሙሉ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ)፣ ከዚያም ሁለት ኖታ ተጨምሮበት፣ በመጀመሪያ ፖዚሽን ብቻ ይወጣል። ፍላት (ኖታን በግማሽ ቶን ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) የበዛበት ሙዚቃ ግን እጅን ወደ አንገቱ ጫፍ ይገፋዋል። እዚያ በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከየትኛውም ቦታ ይሰፋል፣ የትንሽ ልጅ ክንድም ይዝላል።

ለምሳሌ የፈረንሳዊው አቀናባሪ የሴን ሳንስ «ዝሆኑ» አለ። በ1886 የተጻፈ ነው፤ ባስ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፤ ልጆችም ሲሰሙት ይወዱታል። ነገር ግን የተጻፈው በኢ ፍላት ሜጀር ነው። አጭርና ቀላል መስሎ ይታያል፣ ለጀማሪ ግን አይሆንም። ወደ ጂ ወይም ወደ ዲ የተዛወረ ቅጂ ካገኛችሁ ውሰዱት፤ ካልሆነ ልጁ እየሰማው ይደግ።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። ትዝታ ቅኝትን ከኤ ጀምራችሁ ደርድሩት፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ከዚያ ላይኛው ኤ ይሆናል። ይህ ሁሉ ባስ ላይ በመጀመሪያ ፖዚሽን ይወጣል። ኤ ክፍት ክር ነው፣ ቢ አንደኛ ጣት፣ ሲ ሻርፕ አራተኛ ጣት። ዲ ክር ላይ ኢ እንደገና አንደኛ፣ ኤፍ ሻርፕ አራተኛ ጣት፤ የመጨረሻው ኤ ደግሞ ጂ ክር ላይ በአንደኛ ጣት። ሁለተኛ ጣት ጭራሽ አያስፈልግም፣ እጅም ከቦታው አይነሳም። ስለዚህ ልጁ ቤት ውስጥ ሲሰማው ያደገውን የትዝታ ዜማ ገና በመጀመሪያው ዓመት በረጅም ደጋን፣ በቀስታ ሊጫወተው ይችላል። ዜማውን ስለሚያውቀው ደግሞ ጣቱ ሲስት ጆሮው ወዲያው ይነግረዋል። ኖታ ላይ ብቻ ያየው የማያውቀው ዜማ ይህን አያደርግለትም። አንድ ዘመድ በክራር ወይም በኪቦርድ ቢያጅበው ለበዓል የሚሆን ቆንጆ ሶሎ ይወጣዋል። ልጆቻችን ደብል ባስን የትምህርት ቤት ነገር ብቻ አድርገው እንዳያዩት ከልቤ ስለምፈልግ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ሌላም አለ። አቀናባሪው ማህለር አንደኛ ሲምፎኒው ሦስተኛ ክፍል ላይ «ፍሬር ዣክ» የሚባለውን የልጆች ዜማ ወደ ዲ ማይነር ቀይሮ መጀመሪያ ለአንድ ባስ ብቻ ሰጥቶታል። ኦርኬስትራ ውስጥ ያለው ሶሎ ራሱ ትልልቆቹንም ያስጨንቃል። ዜማውን ግን ልጅ ከክፍት ዲ ጀምሮ በመጀመሪያ ፖዚሽን ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ ቅጂውን አሰሙት። የሚጫወተው ነገር ትልቅ መድረክ ላይ እንዳለ ሲሰማ ፊቱን ታዩታላችሁ።

ስለ ድምፁም አስቡ። ባስ ከተጻፈው ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ልጆች የሚይዙት አነስተኛ መሣሪያ፣ ሩብም ሆነ ግማሽ የሚባለው፣ ወፍራሙ ክሩ ላይ ድምፁ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ስለዚህ ዜማው በአብዛኛው ዲ እና ጂ ክር ላይ የሚቆይ ሥራ ምረጡ፣ አዳራሹ ጫፍ ድረስ ይሰማል። ፒያኒስቱ ግራ እጁን ቀለል ካላደረገ ደግሞ ባሱ ይዋጣል፤ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

ደጋኑ የሚረሳ ነገር ነው። የባስ ደጋን ከቫዮሊን ደጋን አጠር ይላል፣ ወፍራም ክር ደግሞ ድምፅ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ቀስ ያለ ሙዚቃ ሁሉ ቀላል አይደለም። ስምንት ምት የሚቆይ ኖታ ያለበት ሙዚቃ ደጋኑን ቶሎ ይጨርስበታል። ሐረጉን ለሁለት ከፍሎ መጫወት ነውር የለውም፣ አስተማሪው ኖታው ላይ ያስተካክልለት።

ከጀማሪነት ከወጣ በኋላ መንገዱ ይሰፋል። አሜሪካዊው የባስ መምህር ጆርጅ ቫንስ ያዘጋጃቸው ተከታታይ መጻሕፍት ልጆችን ከአንገቱ ጫፍ ሳይሆን ወረድ ካለ ቦታ ያስጀምራሉ፤ እዚያ በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይስማማል። የሱዙኪ መጻሕፍትም አሉ። ከሁለቱ አንዱን ይዞ መዝለቅ ከየቦታው ከመልቀም ይሻላል። ከዚያ የማርቼሎ ሶናታዎች ይመጣሉ። የተጻፉት ለቼሎ ቢሆንም ባሲስቶች በጣም ይጫወቷቸዋል፤ ቀስ ያሉት ክፍሎች ሐረግ ማስረዘምን ያስተምራሉ። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚያጠናው ኮንቸርቶ (ለአንድ ሶሎ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር የተጻፈ ሥራ) የአንቶኒዮ ካፑዚ ነው። በድራጎኔቲ ስም የሚታወቀው የኤ ሜጀር ኮንቸርቶ፣ በእርግጥ የኤዱዋር ናኒ ሥራ የሆነው፣ እንዲሁም የዲተርስዶርፍና የኩሴቪትስኪ ኮንቸርቶዎች ከዚያ በኋላ ናቸው። ስማቸው ስለሚያምር ብቻ ለ12 ዓመት ልጅ አትስጧቸው። በበኩሌ አንድ ሥራ በሁለት ወር ውስጥ ከፒያኖ ጋር ለመሞከር ካልደረሰ ከብዶታል እላለሁ።

ኖታ ስትገዙ ከባድ ራስ ምታት የሚያመጣው የሶሎ ቅኝት ነው። ብዙ የባስ ሶሎዎች የሚታተሙት ክሮቹ በአንድ ቶን ከፍ ብለው ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤ ሲሆኑ ለመጫወት ነው። የፒያኖውም ኖታ በዚያው መጠን ከፍ ብሎ ይጻፋል። ልጁ በተለመደው ቅኝት እየተጫወተ ፒያኒስቱ ያንን ኖታ ከከፈተ ሁለቱ በአንድ ቶን ይለያያሉ፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የፒያኖው ክፍል ለኦርኬስትራ ቅኝት፣ ማለትም ለተለመደው ቅኝት መሆኑን አረጋግጡ፤ አንዳንድ ኅትመት ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። የተለመዱትን ክሮች በግድ ወደ ላይ መወጠር ደግሞ አይመከርም፣ ለሶሎ ቅኝት የተሠሩ ሌሎች ክሮች አሉ።

ለፌስቲቫል ከሆነ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ። ቴክሳስ የተፈቀዱ ሥራዎች ዝርዝር አለው፣ ኒውዮርክ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ያወጣል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሥራ ይዞ የሄደ ልጅ ውጤት ላይሰጠው ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ የልጁን እጅ የሚመጥኑ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች ለዩና ቅጂያቸውን አሰሙት፤ ከእነሱ ውስጥ ራሱ ይምረጥ። አንዱን እያንጎራጎረ ሲዞር ከሰማችሁት ኖታውን እዘዙ።