ካርታ አለው ማለት ይሠራበታል ማለት አይደለም፦ በሩቅ ሆናችሁ ቤትና ይዞታ ለምትገዙ

ከውጭ አገር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛው «ካርታ አለው፤ ታዲያ ምን ያሰጋኛል?» የሚል ነው። ካርታው የሚመሰክረው ይዞታው የማን እንደሆነ ሲሆን፣ በቦታው ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የከተማው ፕላን ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች በመዋቅራዊ ፕላንና (ከተማውን በሙሉ የሚመለከተው) በአካባቢ ልማት ፕላን (አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚመለከተው) እንዲመሩ ይደነግጋል፤ ቦታው በእነዚህ ላይ አረንጓዴ ወይም የወንዝ ዳርቻ ተብሎ ከተያዘ፣ ካርታው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ የግንባታ ፈቃድ ልትከለከሉ ትችላላችሁ።

እኔ ይህን ያወቅሁት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። አብሮኝ ያደገው የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ ቤት በውክልና ገዛልኝ፤ ሐሳቤ አፍርሼ ባለሁለት ፎቅ ለመሥራት ነበር። የላከልኝ ቪዲዮ ሁሉ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ የቀረጸው፣ ያውም በኅዳርና በጥር ውኃው ክር በሚያህልበት ወቅት መሆኑን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ፕላን ስምምነት፣ ማለትም ከግንባታ ፈቃድ በፊት በቦታው ምን መሥራት እንደሚቻል የሚገልጸውን ምላሽ ስንጠይቅ፣ የግቢው ግማሽ ያህል በወንዝ ዳርቻ አረንጓዴ ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ አዲስ ግንባታ እንደማይፈቀድ ተነገረን። የአጎቴ ልጅ ይህንኑ ከክፍያው በፊት ሰምቶ ኖሯል። አንድ ብር አልበላብኝም፤ ደላላው የሚዜው ወንድም ስለነበረና «ይስተካከላል» ስላለው፣ ደስታዬን ላለማደፍረስ ብሎ ዝም አለ። ሌባ ቢሆን ኖሮ እከሰው ነበር፤ በይሉኝታ ዝም ያለን ዘመድ ግን የትኛው ችሎት ፊት ታቆሙታላችሁ? ሽማግሌ ተቀምጦ፣ እኔ በስልክ እየሰማሁ፣ እናቴ «ለመሬት ብለህ ወንድምህን ልታጣ ነው ወይ?» ስትል ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ ዘመዳችሁን ለቁልፍና ለኪራይ እመኑት፤ የቦታውን ምርመራ ግን ከሽያጩ ምንም ለማያገኝና ሻጩንም ደላላውንም ለማያውቅ ቀያሽ ስጡት። ቀያሹ የካርታውን ኮኦርዲኔቶች (የወሰኑን ማዕዘኖች የሚያመለክቱትን ቁጥሮች) መሬት ላይ ያረጋግጥ፣ ከፕላኑም ጋር ያመሳክር፤ የመሥሪያ ቤቱም ምላሽ በጽሑፍ ይሁን፤ «ጠይቄ ነበር፣ ችግር የለም ብለውኛል» የሚል የስልክ መልእክት ማስረጃ አይሆንም። ዘመዳችሁን የምትጠይቁት አንድ ነገር ይበቃል፤ በነሐሴ ከወንዙ በኩል ይቅረጽላችሁ፣ ጎረቤቶችንም ውኃው እስከ የት እንደደረሰ ይጠይቅ። ክልከላው የአንድ ሠራተኛ ክፋት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በመጋቢት 2009 አዲስ አበባ ውስጥ በቆሼ የቆሻሻ መጣያ ክምሩ ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ መሆናቸውን አስታውሱ።

ውክልናውን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ የመሸጥ ሥልጣን የተጨመረበትን ረቂቅ አትፈርሙ።

ፋብሪካ ወይም በሐይቅ ዳር ሎጅ ለማቋቋም የምታስቡ ደግሞ ሌላ ደላላ ይጠብቃችኋል፤ «ጥናቱን የሚጽፍልን ሰው አለ» የሚለው። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ (ፕሮጀክቱ በአካባቢው ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ የሚመረምር ጥናት) የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ ሥራ መጀመር አይችልም፤ ፈቃዱ ቢገኝም ለሚደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት አያድንም። ከሌላ ፕሮጀክት የተገለበጠ ሰነድ ላይ ስማችሁ ሲሰፍር ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ ጸሐፊው ክፍያውን ተቀብሎ ሄዷል።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ያለውን ቤት እንዳለ አከራዩት እንጂ ሌሊት ግድግዳ አታስነሡበት። መንግሥት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ቢያስለቅቅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ ያለ ፈቃድ ለጨመራችሁት ክፍል ካሣ ልትጠይቁ አትችሉም።