በድሬዳዋ ሙቀት የሱመር የጭቃ ጽላት አሠራር

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ገደማ በዛሬዋ ኢራቅ በነበረችው የሱመር ከተማ በኡሩክ ብቅ ያለውን ጽሕፈት ለተማሪዎች በእጃቸው ለማስረዳት፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር የሚወሰደው አፈር አሸዋ ስለሚበዛበት አስቀድመው በወንፊት ይንፉት፤ ከዚያም በውሃ አቡክተው መዳፍ በሚያህል ልክ ይጠፍጥፉት። ሸምበቆውን በሰያፍ ይቁረጡ። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጭቃውን መጫር ሳይሆን የሸምበቆውን ጠርዝ ተጭኖ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያኔ አንዱ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ቀጭን የሆነ የሽብልቅ ቅርጽ ይወጣል። በኋለኛው ዘመን አጻጻፍ አንድ ቁም ሽብልቅ 1ን፣ በሸምበቆው ማዕዘን የተጫነው ደግሞ 10ን ስለሚያመለክት፣ 23 መስፈሪያ ገብስ ለመመዝገብ ሁለት የማዕዘንና ሦስት የቁም ምልክቶች ይበቃሉ። የቤተ መቅደስ ጸሐፊዎች ለሠራተኞች የሚታደለውን ገብስና የገብስ ጠላ በጭቃ ላይ ይመዘግቡ ነበር። ጽላቱን በቀትር ፀሐይ አያስጡት፤ የእኔ የመጀመሪያው ለሁለት ተሰንጥቋል። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ።