በሦስተኛው ሌሊት የሚገዛው ጣሳ፦ ጡትና ፎርሙላ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

በአዋላጅ ነርስነት ከሠራሁባቸው ዓመታት ግማሹን ያሳለፍኩት በማዋለጃ ክፍል ነው፤ ቀሪውን ደግሞ ሕፃናት በሚመዘኑበትና በሚከተቡበት ክፍል። ማዋለጃ ክፍል ሳለች «ጡት ብቻ ነው የማጠባው» ያለችኝ እናት ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ስትመጣ ከቦርሳዋ ጡጦ ብቅ ይላል። መቼ እንደወሰነች ስጠይቃት መልሱ ያው ነው፦ «ሌሊት ነው ሲስተር፤ አልቅሶ አልቅሶ ሲያስጨንቀን አባቱ ወጥቶ ገዛ።»

ፎርሙላን፣ ማለትም ለሕፃናት የሚዘጋጀውን የዱቄት ወተት፣ የምጠላ ሰው አይደለሁም። እናቱ የሞተችበት ሕፃን አለ፤ የካንሰር መድኃኒት የምትወስድ እናት አለች፤ አስባበት «አላጠባም» ያለችም አለች። የሚያናድደኝ ማንም ሳይመርጠው በድንጋጤ የሚገባው ጡጦ ነው።

«ወተቴ አልወረደም» ብሎ በሁለተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው እንገር ነው። ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆንም አለበት። የአንድ ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚበቃው ከአንድ የሻይ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። ወተቱ በብዛት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ሲሆን፣ በቀዶ ጥገና ለወለደች እናት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ሕፃኑም በመጀመሪያው ሳምንት ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ወደ ልደት ክብደቱ ይመለሳል።

አሁን ሦስተኛውን ሌሊት አስቡት። ሕፃኑ በየሰዓቱ ይነቃል፣ ይጠባል፣ ያለቅሳል። አክስት «ይህ ልጅ ርቦታል» ትላለች። ጡጦ ይመጣል፤ ልጁ ጠግቦ አራት ሰዓት ይተኛል። ቤቱ ሁሉ እፎይ ይላል። ነገር ግን በእነዚያ አራት ሰዓታት ጡቱ አልተጠባም፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አይሠራም። ጡጦው በተደጋገመ ቁጥር ወተቱ በእርግጥም እየጎደለ ይሄዳል። አክስትም «አላልኩም?» ትላለች።

ለቅሶ መለኪያ አይደለም። መለኪያው ሽንት ነው፦ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚጠባና ክብደት የሚጨምር ልጅ በቂ ወተት እያገኘ ነው። ለመጥባት የማይነቃ፣ ሽንቱ የቀነሰ ወይም በሁለት ሳምንቱ ወደ ልደት ክብደቱ ያልተመለሰ ሕፃን ግን ወደ ሐኪም ነው እንጂ ወደ ሱቅ አያስኬድም።

እንገሩን አልቦ መድፋት፣ ቅቤ ማላስ

እማማዎች ይቅር ይበሉኝ፤ ቢጫ ስለሆነ ቆሻሻ አይደለም። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ተዉት።

ሕመሙን «የተለመደ ነው» ብሎ መቻል

የጡቷ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ደም እያወጣ ጥርሷን ነክሳ የምታጠባ እናት አይቻለሁ። በአሥረኛው ቀን ተሸንፋ ጡጦ ያዘች፤ ማን ይፈርድባታል? ስህተቱ የአያያዙ ነበር። ልጁ ጫፉን ብቻ ከያዘ ያቆስላል፤ ወተትም አያገኝም። አፉን ሰፋ አድርጎ እስኪከፍት ጠብቁ፤ ከዚያ ልጁን ወደ ጡቱ አምጡት እንጂ ጡቱን ወደ ልጁ አትጎትቱ። በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክፍል አብዛኛው አፉ ውስጥ ይግባ፤ አገጩ ጡቱን ይንካ። ካመማችሁ ትንሿን ጣታችሁን በአፉ ጥግ አስገብታችሁ አላቅቁትና እንደገና ጀምሩ። ሲስተሯን ሳታሳያችሁ ከሆስፒታል አትውጡ፤ ብትቆጣም ትቆጣ።

ፎርሙላን ማቅጠን

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። በመጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ወጣት እናት ለአርባ አምስት ቀን ክትባት መጣች። ጡጦውን ሳየው ሰው ፊት ተቆጣኋት፤ «ጡትሽ እያለ!» አልኳት። አንገቷን ደፋች። በሦስት ወር ተኩል ስትመለስ ጡጦ አልነበረም፤ «ጡት ብቻ ነው» አለችኝ። ልጁን ስመዝነው በእድገት ካርዱ ላይ ያለው መስመር ቁልቁል ወርዷል። ክፍሉ ሰው አልባ እስኪሆን ቆይቼ በቀስታ ስጠይቃት አለቀሰች። ጡት ካቆመች ቆይታለች። ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ጎረቤቷ በመከረቻት መሠረት አምስት ማንኪያ ለሚፈልገው ውኃ ሁለት ታደርግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ባልቆጣት ኖሮ «ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊው?» ብዬ እጠይቃት ነበር። አልጠየቅኩም። ያ ልጅ ሁለት ወር የጠጣው ነጭ ውኃ ነው።

ስለዚህ ጣሳ ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ባለ 400 ግራሙ ጣሳ ለአራት ቀን ያህል ብቻ ይበቃል፤ በወር ሰባት ወይም ስምንት ጣሳ ማለት ነው። የሱቁን ዋጋ በስምንት አባዙትና ከደመወዛችሁ ጋር አስተያዩት። የማይቻል ከሆነ ዛሬ እወቁት፤ ጡቱ ሳይደርቅ። የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል፤ ልጁም ዝም ይላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ይቀጭጫል። ውኃው ሲበዛ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀንሶ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ማወፈርም መፍትሔ አይደለም፤ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። በጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ፣ በዚያው ጣሳ ውስጥ ባለው ማንኪያ፣ ጠርዙ ላይ አስተካክላችሁ ስፈሩ፤ የሌላ ጣሳ ማንኪያ ልኩ ሌላ ነው። እናቱ ለሥራ ቤይሩት የሄደችበትን ሕፃን የምታሳድግ አያት ምርጫ የላትም፤ የምታውቋት ካለች ቁጭ ብላችሁ አንድ ጡጦ አብራችኋት በጥብጡ።

አንዳንዱ ደግሞ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም የጸዳ ይመስለዋል። አይደለም። ውኃው ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቆይ፣ ገና 70 ዲግሪ ያህል ሙቀት እያለው መበጥበጥ አለበት። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አብርዱት፤ የእጅ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከማታ ጀምሮ በፔርሙዝ የተቀመጠ ለብ ያለ ውኃ ለዚህ አይሆንም። ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ያንገበግባል፤ አውቃለሁ።

የሐኪም ቃል ሳይኖር ጡት ማቋረጥ

አብዛኞቹ የተለመዱ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ጡት አያስጥሉም፤ ሐኪሙን «አጠባለሁ» በሉት፣ የሚስማማውን ይመርጣል። ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ ያለ እናትም መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች፣ ልጇም የታዘዘለትን እየወሰደ፣ በአገራችን የሕክምና መመሪያ መሠረት ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ ትመከራለች። በድብቅ ጡትና ጡጦ ማደባለቅ ለእሷ ልጅ አይመከርም።

ውኃ፣ የላም ወተት፣ አጥሚት

ስድስት ወር ሳይሞላው ውኃ አያስፈልገውም፤ የአፋር ሙቀት ውስጥም ቢሆን፤ የእናት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። የላም ወተት ከአንድ ዓመት በፊት የእናትን ወተትም ሆነ ፎርሙላን አይተካም። አጥሚቱን እናትየው ትጠጣው።

ሥራ መመለሻው ሲደርስ መባነን

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ምክራችን ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል። መካከሉ ላይ ሦስት ወር ጎድሏል፤ ጉድለቱን የምትሞላው እናት ናት። ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በእጅ ማለብ ተለማመዱ፤ ሞግዚቷም በሲኒ ማጠጣት ትልመድ። የታለበ ወተት ሞቃት ባልሆነ ክፍል እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ አራት ቀን ይቆያል። መሥሪያ ቤት ከምታስቀምጡት ጠርሙስ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስማችሁን ጻፉ። እኔ የማውቃት አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስሟን ሳትጽፍ ቀርታ የሥራ ባልደረባዋ ሻዩ ውስጥ ጨምሮ ጠጥቶታል። ከየት እንደገዛችው ጠየቃት።