የትንሽ ከተማ ጥንታዊ ቤት የማን እንደነበረ እንዴት ይጣራል?

ከአያት ወግ ተነስቶ ወደ ዛሬ መምጣት ያሳስታል። ከዛሬው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው። ውክልና ወይም የወራሽነት ማስረጃ ይዛችሁ የቤቱን ማህደር ጠይቁ። ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሽያጭ ወይም የስጦታ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የግብር ደረሰኝ ፈልጉ። ከእያንዳንዱ ላይ ቀን፣ ስም ከነአያት፣ የቤት ቁጥርና ስፋት ጻፉ። የአንዱ ውል ሻጭ በቀደመው ወረቀት ላይ ገዢ ወይም ወራሽ ሆኖ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ክፍተቱ እዚያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወራሾች ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት ሳያሳውጁ የተከፋፈሉት ቤት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብም አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወለት። ከትርፍ ቤቶች ውስጥ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ስለዚህ ያ ቀን ሲመጣ ቤቱ መኖሪያ ነበር ወይስ ትርፍ? ይህ ሳይመለስ ወደ ሌላው አትለፉ። ለቀበሌ ኪራይ ሲከፈልበት የቆየ ቤት፣ ቤተሰቡ ሃምሳ ዓመት ቢኖርበትም፣ የተከራዩ ንብረት አይሆንም።

የግብር ደረሰኝ ብቻውን ባለቤትነትን አያረጋግጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት ካርታ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ ካርታው ከሕግ ውጪ መሰጠቱ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል።

ቀበሌዎች ሲዋሃዱ የቤት ቁጥር ይቀየራል፤ አሮጌና አዲሱን ቁጥር አብራችሁ ያዙ። በጣሊያን ዘመን የተጻፈ ወረቀት ላይ 1938 ካያችሁ በእኛ 1930 ወይም 1931 ነው። አንድ ሰው በዓለማዊም በክርስትናም ስም ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ አብረው ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ቃል ይደግማል። ዓመተ ምሕረት ከምትጠይቋቸው፣ «ትርፍ ቤት ሲወረስ ማን ይኖርበት ነበር?» ብትሉ ጥሩ መልስ ታገኛላችሁ።

ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ግድግዳውን ከመንካታችሁ በፊት የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።