አባባን ከምሳ በኋላ ከሶፋ የማስነሳት ነገር

ግፊት ወይ ስኳር ያለባቸው እናት አባት ያሏችሁ የባህር ዳር ልጆች ይሄ ለናንተ ነው። "አርጅተዋል ይረፉ" የምንለው ነገር እየጎዳቸው ነው በእውነት። ከምግብ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው፣ በእድሜ ጡንቻው ሲቀንስና ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይጠራቀማል፣ ግፊቱም ይከተላል፣ በመጨረሻ ልብ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጀመሪያ ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መሃል ዙሩት፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሴት ከ80 ካለፈ በባዶ ሆድ ስኳርና ኮሌስትሮል አስመርምሯቸው፣ ግፊትም ይለካ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጣና ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ ጥላም አለው። አዲሱ የአባይ ድልድይም አሪፍ ነው፣ 380 ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልስ ወደ 760 ይመጣል። ቤዛዊት ዳገቱ ለጊዜው ይቆይ። ከምሳ በኋላ ግን ፀሐዩ አይቻልም፣ ግቢ ውስጥ ወይ በረንዳ ላይ 10 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ይበቃል፣ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ያወርዳል። በሳምንት 150 ደቂቃ እስኪሞላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የልብ ምት አትቁጠሩ ምክንያቱም አቴኖሎል ምናምን (የልብ ምት የሚያዘገይ የግፊት መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ምቱ እንደ ሌላው ሰው አይጨምርም፤ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ግን መዝሙር ለመዘመር ትንፋሽ ካጠራቸው ልኩ እሱ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ነጠላ ጫማ አያድርግ፣ ሲመለሱም እግራቸውን እዩላቸው፣ ቁስል ላይሰማቸው ይችላል።

እግር መሄድ ብቻውን አይበቃም። ወንበር ግድግዳ አስደግፉና በእጃቸው ሳይደገፉ ይነሱ ይቀመጡ፣ 8 ወይ 10 ጊዜ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ሲነሱ ትንፋሽ እያስወጡ እንጂ አምቀው አይደለም ግፊቱን ያንረዋል። ጉልበቴ ካሉ መጀመሪያ ጠረጴዛ ይያዙ።

ጾም ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙና ኢንሱሊን ወይ ግሊቤንክላሚድ (የስኳር ክኒን ነው) የሚወስዱ እናቶች በባዶ ሆድ ሲራመዱ ስኳር ሊወርድባቸው ይችላል፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ካያችሁ ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ አጠጧቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አትስጡ ወደ ሐኪም ሩጡ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባታቸውንም አናግሩ፣ የታመመ ሰው ይፈቀድለታል።

ደረት ከጫነ፣ ወደ ክንድ ወይ መንጋጋ ከተሰማ፣ ትንፋሽ ካጠረ አቁሙ። "ጨጓራዬ ነው" ሲሉ አትስሟቸው፣ ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ላይ የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም በማቅለሽለሽና በድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል። በባጃጅም ይሁን በተገኘው ፈለገ ሕይወት ወይ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አድርሷቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ።