ከኔጋቲቭ እስከ ስልክ፦ የፊልም ፎቶ የሚያጋሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፊልም ካሜራ የሚያነሳ ሰው ሥራውን በኢንተርኔት ሲያጋራ ተመልካቹ የሚያየው ኔጋቲቩን፣ ማለትም ታጥቦ የወጣውን ፊልም ሳይሆን፣ የኔጋቲቩን ስካን፣ ማለትም በማሽን ተነብቦ ወደ ፋይል የተለወጠውን ምስል ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም ፊልምን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ከሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህንኑ ከመዘንጋት ነው። ካሜራውን ለመምረጥ፣ ፊልሙን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ለማስመጣት፣ ብርሃኑን ለመለካት ብዙ ይደክማሉ፤ ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ግን ሥራው ያለቀ ይመስላቸውና ፎቶ ቤቱ የላከላቸውን ፋይል እንዳለ ይለጥፋሉ። በቀድሞው አሠራር ከኔጋቲቩ እስከ ወረቀቱ ያለው ጉዞ፣ ማለትም በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራው የማተም ሥራ፣ ከማንሳቱ የማይተናነስ ሙያ ነበር። ዛሬ የዚያን ቦታ የያዙት ምርጫው፣ ስካኑ፣ መግለጫውና የተነሺው ሰው ፈቃድ ናቸው።

ሮሉን ሙሉውን መለጠፍ

አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ሮል ብዙውን ጊዜ 36 ፎቶ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ገንዘብ ስለወጣበት ሁሉንም ማሳየት ያጓጓል፤ ተመልካቹ ግን ምንም አልከፈለምና ያንኑ በር ከግራ፣ ከቀኝና ከፊት ለፊት ተነስቶ ሲያይ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ያልፈዋል። ቀደምት ባለሙያዎች ኔጋቲቮቹን በአንድ ወረቀት ላይ ደርድረው በትንሹ ያትሙና፣ በዚያ ገጽ ላይ በእርሳስ እያከበቡ ይመርጡ ነበር። ዛሬም ሁሉንም ፍሬም (በሮሉ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፎቶ) በአንድ ገጽ አሳንሶ ማየት ይቻላል፤ በዚያ መጠን እንኳ ዓይንን የሚይዘው ፎቶ የትኛው እንደሆነ ቶሎ ይታወቃል። ምርጫውን ጥቂት ቀን ማቆየትም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፎቶው በተነሳበት ቀን የነበረው ደስታ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንሺው የሚፈርደው በፎቶው ላይ ሳይሆን በትዝታው ላይ ነው።

ስካነሩ የወሰነውን ሁሉ መቀበል

ከሁሉም በላይ ብዙ ፎቶ የሚያበላሸው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። የቀለም ኔጋቲቭ ብርሃኑና ቀለሙ የተገለበጠ፣ በዚያም ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ነው። ስካነሩ ገልብጦ፣ ሽፋኑን ቀንሶ፣ ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ግምት ያስተካክላል። ስለዚህ «ይህ የፖርትራ 400 ቀለም ነው» ተብሎ፣ በኮዳክ የቀለም ፊልም ስም፣ የሚደነቀው ነገር ከፊሉ የፊልሙ፣ ከፊሉ ደግሞ የስካነሩና ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሰው ምርጫ ነው። አንዱን ኔጋቲቭ ለሁለት ፎቶ ቤት የሰጠ ሰው ሁለት ዓይነት ቀለም ይዞ ቢመለስ ሊደነቅ አይገባውም።

በፎቶ ቤቶች የሚገኙት እንደ ኖሪትሱና ፍሮንቲየር ያሉ ማሽኖች በፍጥነት ብዙ ሮል እንዲያነቡ የተሠሩ ናቸውና፣ እያንዳንዱን ፍሬም ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ይሞክራሉ። የፋሲካ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ግቢ የተነሳ ፎቶ እናስብ። ጧፍ የያዘች ሴት ፊቷ ብቻ በራ፤ የቀረው ሁሉ ጨለማ ነው፤ የፎቶውም ውበት እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ ግን ጨለማ የበዛበትን ፍሬም ሲያይ ስህተት መስሎት ያነጣዋል፤ ጥቁሩ ሰማይ ወደ ደፈረሰ ግራጫ ይለወጣል፣ ሊታይ የማይገባው የፊልሙ ቅንጣት ይፈጥጣል፣ የጧፉም ብርሃን ኃይሉን ያጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ብርሃን አንሶኝ ነው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል፤ ጥቁሩን ወደ ጥቁርነቱ መመለስ ግን በስልክ ላይ ባለ ቀላል ማስተካከያ እንኳ የሚቻል ነው።

የተቃራኒው ምሳሌ ጥር 11 ቀን በቀትር ፀሐይ የሚነሳው የጥምቀት ፎቶ ነው። ነጠላው ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ፣ ሽመናውም እጥፋቱም ጠፍቶ ይመጣል። እዚህ ላይ ፋይሉን ትቶ ኔጋቲቩን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። በኔጋቲቭ ላይ ነጭ ነገር ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፣ በዚያ ጥቁር ውስጥ የእጥፋቱ መስመር ከተለየ ዝርዝሩ አልጠፋም፤ ስካነሩ ሳያነበው ቀርቶ ነው፤ እንደገና በጥንቃቄ ቢነበብ ይወጣል። የቀለም ኔጋቲቭ የበዛ ብርሃንን በደንብ የሚችል ፊልም በመሆኑ ይህ ተስፋ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ያነሰ ብርሃንን ግን አይችልም፤ በኔጋቲቩ ላይ ጥላው ያለበት ቦታ ጠርቶ ባዶ ከሆነ የትኛውም ስካነር ከዚያ ምንም አያወጣም።

የቆዳ ቀለምም የራሱ ፈተና አለው። ማምሻ ላይ ፀሐይ ወርቃማ ስትሆን ነጠላውም ወርቃማ መምሰል አለበት፤ አውቶማቲክ ማስተካከያው ነጠላውን ነጭ ለማድረግ ሲጥር ግን የጠይም ሰው ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል። ፎቶ ቤቱን ኮንትራስቱ (የብርሃንና የጥላው ልዩነት) ዝቅ ያለ፣ ጠርዞቹ በማሽን እንዲሾሉ ያልተደረገ፣ የሚቻል ከሆነም ባለ 16 ቢት ቲፍ (ሳይጨመቅ ብዙ የቀለም ዝርዝር የሚይዝ) ፋይል መጠየቅ፣ ከዚያም መጀመሪያ ፊቱን አስተካክሎ የቀረውን መተው ይሻላል። ነጠላው ትንሽ ቢጫ ቢል ማንም አይከፋም፤ የእናት ፊት ሲከስል ግን ሁሉም ያየዋል።

የተገለበጠ ፎቶ

ፊልም ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነው። በተሳሳተው ፊት ስካን የተደረገ ፎቶ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። የሱቅ ማስታወቂያ ካለበት ፊደሉ ያጋልጠዋል፤ ከሌለበት ግን ባል የሰርግ ቀለበቱን በቀኝ እጁ አድርጎ፣ ታክሲውም መሪው በቀኝ ሆኖ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ እኛ ሆኖ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ፊደሎችና ቁጥሮች በትክክል ከተነበቡ፣ ፎቶውም ትክክለኛ አቅጣጫው ላይ ነው።

አቧራና የአቧራ ማጥፊያ

ብዙ የቤት ስካነሮች በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን፣ አቧራን ለይተው የሚያጠፉበት ዘዴ አላቸው። ይህ ዘዴ በቀለም ፊልም ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ምክንያቱም ኢንፍራሬድ የፊልሙን ቀለም አልፎ ይሄዳል፣ አቧራውን ግን አያልፍም። እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ 5 ወይም ኮዳክ ትራይ ኤክስ ያለ የተለመደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ምስሉ የተሠራው ከብር ስለሆነ፣ ብሩም ኢንፍራሬድን ስለሚያግድ፣ ማሽኑ ምስሉን ራሱን አቧራ ነው ብሎ ሊጠግነው ይነሳል፤ ውጤቱም የቀለጠ ፊትና የተቆራረጠ ጠርዝ ነው። እንደ ቀለም ፊልም የሚታጠበው ኢልፎርድ ኤክስፒ 2 ከዚህ ይለያል። ለሌላው ግን ማጥፊያውን መዝጋት፣ ከስካን በፊት በጎማ መንፊያ አቧራውን ማራገፍ፣ የቀረውንም ነጥብ በነጥብ በእጅ ማጥራት ይገባል። ኔጋቲቭን በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ አቧራን ወደ ጭረት መለወጥ ስለሆነ ፈጽሞ አይሞከርም።

ጥቂት አቧራ የቀረበት ፎቶ ነውር አይደለም። የሚያስገርመኝ አጥርተው ካበቁ በኋላ «ፊልም እንዲመስል» ብለው በአፕ ሰው ሠራሽ አቧራና ጭረት የሚጨምሩት ናቸው።

ለስልክ ያልታሰበ መጠን

የ35 ሚሊ ሜትር ፍሬም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ኢንስታግራም ለረጅም ጊዜ ከ4 በ5 የረዘመ ቁም ፎቶ አይቀበልም ነበር፤ ስለዚህ በቁም የተነሳ ሙሉ ፍሬም ሲለጠፍ የሰው እግር ወይም የደወሉ ግንብ ጫፍ በአፕ ፈራጅነት ተቆርጦ ይቀር ነበር፤ ዛሬም ሊቆረጥ ይችላል። ቁረጣውን አስቀድሞ ራስ መወሰን፣ ወይም በግራና በቀኝ ነጭ ጠርዝ ጨምሮ ሙሉውን ማሳየት ይቻላል። ትልቁን ፋይል እንዳለ ከመጫን ይልቅ ወደ 1080 ፒክስል ስፋት አሳንሶ፣ ቀለሙን ኤስአርጂቢ (ስልኮችና ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የተለመደ የቀለም መለኪያ) አድርጎ ማስቀመጥም ይረዳል፤ አለበለዚያ አፕ ሲጨምቀው የፊልሙ ቅንጣት ተጣብቆ ወደ እድፍ ይለወጣል።

«ፊልም ነው» የሚለውን መሸሸጊያ ማድረግ

የሾለከ ብርሃን፣ የተደራረበ ፍሬም፣ ጊዜው ያለፈበት ፊልም የሚሰጠው የወየበ ቀለም አንዳንድ ጊዜ ለፎቶው ሕይወት ይሰጡታል። ነገር ግን ያልተሳካ ፎቶ ሁሉ በእነዚህ ስም ሲቀርብ፣ ተመልካቹ በሐሳብ የተደረገውን ከአደጋው መለየት ያቅተዋል። ፎቶው በዲጂታል ካሜራ ቢነሳ ኖሮ ይለጠፍ ነበር ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ በእኔ እምነት በቂ ፈተና ነው። በስልክ አንስቶ፣ ባለቀዳዳ ጥቁር ጠርዝ ጨምሮ «ፊልም» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከስህተትም አልፎ ውሸት ነው።

ካሜራውን ብቻ የሚናገር መግለጫ

የብዙ ሰው መግለጫ የካሜራ፣ የሌንስና የፊልም ስም ዝርዝር ነው። ይህ ለሌላ ፊልም ወዳድ ይጠቅማልና ይውጣ አልልም፤ ግን የት፣ መቼ፣ ማን የሚለውን ሊተካ አይችልም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሰፊ የቤት ፈረሳ ከተካሄደባት ወዲህ፣ ዓመቱና ሰፈሩ ያልተጻፈበት የፒያሳ ፎቶ ግማሽ ዋጋውን ያጣ ፎቶ ነው።

የፊልም ካሜራ በአብዛኛው እንደ ስልክ ቀንና ቦታ አይመዘግብም። በፋይሉ ላይ የሚገኘው ቀን ስካን የተደረገበት ነው፤ አንድ ሮል ደግሞ በእንቁጣጣሽ ተጀምሮ በገና ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ፊልሙ ሲገባና ሲወጣ ቀኑን፣ በመካከልም የተነሳበትን ቦታ በትንሽ ደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ሲለጠፍም የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። «መስቀል 2015» የሚለውን አዲስ አበባ ያለ ሰው በትክክል ይረዳዋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ወጣት ግን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ያነበዋል፤ በዓሉ በእነሱ አቆጣጠር የዋለው መስከረም 2022 ነበርና። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን መጨመር ከዚህ ያድናል።

ለማንሳት የተሰጠን ፈቃድ ለመለጠፍ እንደተሰጠ መቁጠር

በስልክ የተነሳ ሰው ወዲያው «እስቲ አሳየኝ» ማለት ይችላል፤ ካልወደደው ያስጠፋል። በፊልም የተነሳ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። እሺ ያለው ያላየውን ፎቶ ነው፤ ፎቶው ታጥቦና ስካን ተደርጎ ሲወጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ በአሮጌ ካሜራ የሚነሳ ሰውም ብዙ ጊዜ ወደ ኢንተርኔት ይሄዳል ብሎ አይጠረጥርም። ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት «አንሳኝ ልጄ» ስትል የሰጠችው ፈቃድ ለዚያች ቅጽበት እንጂ ለሺህ እንግዳ ዓይን አይደለም።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በቁጥር 28 ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወይም ፎቶው ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተካሄደ ድርጊትና ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። ታቦት የሚያጅበውን ሕዝብ ማሳየትና በዚያው ሕዝብ መካከል ዓይኗን ጨፍና የምታለቅስ አንዲት ሴትን ብቻ አቅርቦ ማሳየት ግን በሕግ ዓይን አንድ ቢሆኑ እንኳ በሰው ዓይን አንድ አይደሉም። በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማየት አለባቸው።

የሚሻለው ሲነሳ ሳለ «በኢንተርኔት ላይ ላወጣው እችላለሁ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ፣ የሚቻል ከሆነም ስልክ ተቀብሎ ስካኑን ከመለጠፉ በፊት መላክ ነው። ለሕፃን የሚጠየቀው ወላጁ ነው። ስልክ ለሌላቸው በወረቀት አሳትሞ መመለስ የቆየ የፎቶ አንሺዎች ወግ ነው፤ ፊልም ይዞ የሚዞር ሰው ይህን ወግ ቢተው በጣም ያሳፍራል።

የተለጠፈውን እንደ ማኅደር መቁጠር

አፕ ፎቶን ጨምቆ ያስቀምጣል፤ መለያው ከተዘጋ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ስካኑን ከላኩ በኋላ ባለቤቱ ካልጠየቀ ኔጋቲቩን ለረጅም ጊዜ አያስቀምጡም፤ ስለዚህ ፊልሙ ሲሰጥ «ኔጋቲቩን እወስዳለሁ» ማለት ይገባል። ኔጋቲቩ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ባልተሠራ የፎቶ ማኅደር ከረጢት ገብቶ፣ ሙቀትና እርጥበት ከሌለበት ቦታ ይቀመጥ። በከረጢቱ ላይ የሮሉ ቁጥርና ዓመት ይጻፍ፤ ያው ቁጥር ከፍሬሙ ቁጥር ጋር የፋይሉ ስም ይሁን፤ ሙሉ መጠን ያላቸው ፋይሎችም ከኮምፒውተሩ ሌላ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጡ። ያኔ አንድ ዘመድ ከዓመታት በኋላ የለጠፉትን ፎቶ አይቶ «ይቺን ለአባቴ አርባ አሳትምልኝ» ቢል፣ ከስልክ የወረደውን ትንሽ ፋይል ሳይሆን ኔጋቲቩን ራሱን አውጥቶ ማሳተም ይቻላል።